አርባ አንደኛዋ ፋሻ

ፋሻ አጣቢ አልነበርኩም። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። በእድራችን «ፋሻ አጣቢዋ አስካለ» ይሉኛል። የልጅ ልጄ በትምህርት ቤቷ «አያቴ ፋሻ ታጥብ ነበር» ብላ ጽፋ አስር ከአስር አግኝታለች። ባለፈው ወር ከሥራ ስሰናበት የተሰጠኝ ወረቀት ደግሞ «በማሸጊያ ክፍል ለረጅም ዘመን ላገለገሉት» ይላል። በማሸጊያ ክፍል አንድም ቀን አልሠራሁም። ማሸጊያ ክፍል ከእኔ ክፍል ግድግዳ ወዲያ ነው፤ በሩም ሌላ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው አምስት እርምጃ ተራምዶ ቢጠይቀኝ ምን ይጎዳው ነበር?

ስለዚህ ራሴ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ፊደል ብስት የልጅ ልጄ ታርማለች፤ አሳቤን እንዳትነካ ግን አስጠንቅቄያታለሁ።

የእኔ ሥራ ፋሻ መንከር ነበር። መንከር ምን ሥራ አለው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይሞክረው። ተራ የጥጥ ፋሻ ወስደን መጀመሪያ ከባሕር እንስሳ ቅርፊት በተሠራ ዱቄት ውሃ ውስጥ እንነክራለን። ዱቄቱ የሚሟሟው በኮምጣጤ መሰል አሲድ ነው፤ ሽታው እስከ ዛሬ ከነጠላዬ አልወጣም። ከዚያ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል። ከዚያ ከባሕር አረም በወጣ ሌላ ዱቄት ውሃ ይነከራል። ይለቀለቃል። ከዚያ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ሳፋ። የቅርፊቱ ልባስ ፖዘቲቭ ነው፣ የአረሙ ኔጋቲቭ ነው፤ ሙጫም ስፌትም ሳይኖር አንዱ ባንዱ ላይ ይለጠፋል። ከላይ የሚቀረው ግን ፖዘቲቩ መሆን አለበት። ደምም ጀርምም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ወደ ፋሻው ይሳባሉ። ደሙ ቶሎ ይረጋል፤ ጀርሙም እዚያው ይያዛል።

ይህን ያስረዳኝ አለቃዬ ነስሩ ነው፤ በልጄ ዕድሜ ያለ ልጅ። ኤሌክትሪክ አለው ሲለኝ «ይነዝራል እንዴ?» አልኩት።

«አይነዝርም እትዬ። ፀጉርዎን በላስቲክ ማበጠሪያ ሲያበጥሩ ፀጉሩ ማበጠሪያውን ተከትሎ አይነሳም? እንደዚያ ነው።»

ገባኝ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ከነስሩ በፊት ሁለት ቦታ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ልጃገረድ ሳለሁ መርካቶ ከጭድ ተራ ጀርባ፣ የጥለት ክር በሚያቀልመው በጋሼ ወልዴ ግቢ። እዚያ ክር እጠመዝዝ ነበር። የተቀለመ ክር ከውጭ በካርቶን መግባት ሲጀምር ግቢው ተዘጋ። ከዚያ ፋሻ በጅምላ ለሚነግደው ለነስሩ አባት ጥቅል ስቆርጥ ኖርኩ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ደመወዝ አያዘገይም፣ ምስጋና ግን አይወጣውም። ልጁ ኬሚስትሪ ተምሮ ሲመለስ ከሱቁ በላይ ያለችውን ሁለተኛ ፎቅ ያዘና ሳፋ ደረደረ።

ነስሩ የወረቀቱን ያውቃል። እጁ ግን አያውቅም ነበር። ከሚነክራቸው ፋሻዎች ግማሹ ልባሱን ይይዛል፣ ግማሹ አይይዝም። ዱቄቱን ይለውጣል፣ ሳፋውን ይለውጣል፣ በስልክ ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃል። ሦስት ወር እንዲህ ሲሆን አይቼ አይቼ ሰለቸኝ። «ማቅለም የሚያውቅ ሰው አለ፤ ላምጣልህ» አልኩት።

«እትዬ፣ ይሄ ቀለም አይደለም እኮ።»

«ጨርቅ አይደለም? ውሃ አይደለም?»

ጋሼ ወልዴ ደረጃውን እያረፈ ወጣ። ሰላምታም ሳይጨርስ እጁን ሳፋው ውስጥ ከቶ ውሃውን በሁለት ጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገ።

«ይሄ ውሃ ደክሟል» አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት የበጠበጥኩት ነው።»

«ስንት ጨርቅ ነከርክበት?»

«ስድሳ።»

«እና ስድሳ ሰው ካንድ ትሪ በልቶ ስድሳኛው ይጠግባል?»

ነስሩ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። ጋሼ ወልዴ ከስድሳው ላይ በተርታ ጥግ ጥጉን አስቆረጠና ቀይ ቀለም አምጡ አለ። ነስሩ ቀለሙን ራሱ መረጠ። ኔጋቲቭ የሆነ ቀለም ነው፤ ፖዘቲቭ ልባስ ካገኘ ይጣበቃል፣ ካላገኘ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ቁራጮቹን ነክረን ስንለቀልቃቸው የመጀመሪያዎቹ እንደ በርበሬ ቀሉ። እስከ አርባኛው ድረስ ደህና ሄደ። ከዚያ ወዲያ እየፈዘዘ፣ እየፈዘዘ፣ ስድሳኛው ላይ ነጭ ሆነ። እያንዳንዱ ጨርቅ ከሳፋው ዱቄት ይዞ ይወጣል፣ ከመለቅለቂያው ደግሞ ውሃ ይዞ ይገባል። በወረቀት ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር። ጋሼ ወልዴ አርባኛዋን ቁራጭ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀላት። «ከዚህች የፈዘዘ አይለፍ» አለ። የቤታችን ሕግ ይህ ሆነ፤ ባንድ ሳፋ ውሃ አርባ ፋሻ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮን ሠራ። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሲያስተምር ግን አይናገርም፤ አይቶ መያዝ ነው። ጨርቁ ሳፋው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ በአውራ ጣቱ የጣቶቹን አንጓ እየነካ ይቆጥራል፤ በዚያን ጊዜ ቢጠሩት አይሰማም። የመለቅለቂያውን ውሃ ሦስት ጊዜ ይቀይራል፤ ሁለቱ ዱቄቶች ሳይለቀለቁ ከተገናኙ ሳፋው እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራልና። የቧንቧ ውሃ አያስገባም። ነስሩ አንዴ የተጣራው ውሃ ሲያልቅ ከቧንቧ ጀሪካን ሊሞላ ሲል ጋሼ ወልዴ ጀሪካኑን ወስዶ ተቀመጠበት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ላይ ተቀምጦ ዋለ። ደግሞ ናሙና የሚቆርጠው ሁልጊዜ መጨረሻ ከወጣው ፋሻ ብቻ ነው። አንድ ቀን ለምን አልኩት።

«የመጀመሪያውማ ጠግቦ ነው የሚወጣው» አለኝ። «እሱን ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?»

ዱቄቱ ከባሕር እንስሳ ቅርፊት መሆኑን ሲሰማ ብቻ ትንሽ ተጨነቀ። «ይሄን እኛ አንበላም እኮ» አለ። ነስሩም «እኔም ስለሱ ጠይቄያለሁ ጋሼ፤ ግን ማን ይበላዋል? ለቁስል ነው» አለው። ሁለቱም እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡ።

ጋሼ ወልዴ ጉልበቱ ደረጃውን እምቢ ሲለው ወደ ልጁ ቤት ሄደ፤ ብዙም አልቆየም፣ ቀበርነው። ሳፋዎቹ ለእኔ ቀሩ። ነስሩ አሠራሩን በኮምፒውተር አስጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። «ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ናሙና ይወሰድ» ይላል። ከየትኛው እንደሚወሰድ አይልም።

አሁን ወደማልወደው ነገር መጣሁ።

መርካቶ ውስጥ ያለ ምርቃት የሚገዛ ሰው የለም። ሽንኩርትም ይሁን ምስማር ገዢው «መርቂልኝ» ይላል፤ ሻጩም ከላይ ጣል ያደርግለታል። የእኛም ገዢዎች፣ የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ሰዎች፣ ከዚህ አይለዩም። ነስሩ በየሳጥኑ መጀመሪያ አንድ ፋሻ መረቀ። ሌላው ነጋዴ ሁለት ይመርቃል ሲሉት ሦስት አደረገ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ደረሰ። ምርቃቱ እንዲታይ ለብቻው በክር ታስሮ ከሳጥኑ ላይ ይቀመጣል። ስምንቱ የት ይነከሩ? ለስምንት ፋሻ ሌላ ሳፋ አይበጠበጥም።

«እዚያው ይጨመሩ እትዬ» አለኝ።

«አርባ ነው ሕጉ።»

«ምርቃት እኮ ነው!»

ተከራከርኩት። ከዚያ ተውኩት። ሰው በየቀኑ አንድ ነገር ላይ ሲከራከር ይደክመዋል። አርባውን ነክሬ ከጨረስኩ በኋላ ስምንቱን እነክራቸው ጀመር።

ያም ሆኖ ናሙናውን ከመጨረሻው ብቆርጥ ኖሮ ቀለሙ ይነግረኝ ነበር። አልቆረጥኩም። ዓርብ ዕቃው ከስድስት ሰዓት በፊት ካልወጣ ቀኑ አለቀ ማለት ነው፤ የአንዋር መስጊድ ሰጋጅ ጎዳናውን ይሞላዋል፣ ጋሪ አይንቀሳቀስም። ቶሎ የሚደርቀው ደግሞ መጀመሪያ የወጣው ነው። ስለዚህ ለዓርብ ስል ከመጀመሪያው ቆረጥኩ። ከዚያ ማክሰኞም፣ ከዚያ በየቀኑ። ሁልጊዜ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ የናሙናው ወረቀት ላይ እፈርማለሁ።

ደምሴ የሚባል ከጎጃም የመጣ ተሸካሚ ነበረን፤ ጥቅል ጨርቅ ወደ ፎቅ የሚያወጣልን እሱ ነው። በወጣ ቁጥር «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ፋሻ ማን ይቁሰልልዎት?» ይለኛል። «አንተ» እለዋለሁ። ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

አንድ ቀን ከተጫነ ጋሪ ላይ ቆርቆሮ ተንሸራቶ የእግሩን ጫፍ ሸረከተው። በሸበጥ ነበር። ሰፈር ያለች ክሊኒክ ወሰዱት። በማግስቱ እያነከሰ በእኛ በር አልፎ «እትዬ! የርስዎን ፋሻ ነው ያሰሩልኝ!» ብሎ እግሩን አነሳልኝ። እንዴት እንደኮራሁ! የማሸጊያ ክፍል ሴቶችን ሁሉ ጠርቼ አሳየኋቸው።

ሳምንት ጠፋ። ጓደኞቹን ብጠይቅ ሆስፒታል ነው አሉኝ። ቁስሉ ደሙ አልቆም ብሎ፣ ከዚያ መግል ይዞ፣ ሁለት ጣት ተቆረጠ።

ክሊኒኳ ውስጥ የገባሁት እየጮህኩ ነው። ቁስል የምታስረው ሲስተር ጥሩነሽ ዝምተኛ ሴት ናት። «ምን ብታደርጊው ነው?» አልኳት።

«እኔ በየቀኑ ቀይሬለታለሁ እትዬ። ይልቅ የእናንተ ፋሻ ሰሞኑን ደም አልይዝ ብሎኛል። በተለይ የነፃው።»

«የነፃው ምንድን ነው?»

ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከታች ሳጥኖቻችን ተደርድረዋል። ከላይ በክር የታሰሩት ምርቃቶች ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

«ምርቃቱን ለይቼ አስቀምጣለሁ» አለች። «መክፈል ለማይችል ሰው። እናንተም ለዚህ ይመስለኝ ነበር የምትመርቁት።»

ልቧ ንጹሕ ነው። እኔ ግን ያኔ ነው የገባኝ። ደካማዎቹን እኛ አንድ ላይ አስረን ሰጠናት፤ እሷ ደግሞ አንድ ላይ ለድሆች ሰጠቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሆን ብሎ ለመሥራት እንኳ ስንት ክፉ ሰው ይፈልጋል! እኛ በደግነት ሠራነው።

ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት ፋሻ ወሰድኩ። ነስሩን ከስልኩ ነጥቄ አምጥቼ ሳፋው ፊት አቆምኩትና በቀዩ ቀለም ነከርኳቸው። የታችኞቹ ቀሉ። የምርቃቶቹ ቀለም ግን አብዛኛው በመጀመሪያው ልቅለቃ ወርዶ ሳፋው ሥር ተኛ።

«ምርቃት ናቸው እትዬ» አለ ነስሩ ቀስ ብሎ። «ሰው አልከፈለባቸውም።»

«ደምሴ በሁለት ጣት ከፈለ።»

በናሙናው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ ግን የእኔ ነው። ነስሩ ባያውቅ የወረቀት ልጅ ነው። ጋሼ ወልዴ ግን ለእኔ አሳይቶኛል። እኔ አውቅ ነበር።

ሆስፒታል ሄጄ ለደምሴ ነገርኩት። «ፋሻው ደካማ ነበር። የነከርኩት እኔ ነኝ፤ ይለፍ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።» ሐኪሙ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል ብሎ ነበር፤ የዛገ ብረት ነው፣ ጭቃ ነው አለ። ያን ለደምሴ አልነገርኩትም፤ ራሴን ለማዳን የምናገር መሰለኝ።

ደምሴም «ነፃ አይደል እንዴ እትዬ?» አለኝ። «በነፃ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩበት። ነፃ ማለት ደካማ ማለት አይደለም አልኩት፤ ይህን ማን አስተማረህ አልኩት። ነርሷ መጥታ ውጪ አለችኝ።

«ይተዉአቸው ሲስተር፣ ትንሽ ይቆጡ» አለ ደምሴ። ወደ እኔ ዞሮ «እየተቆጡም ቢሆን ያመጡልኝን ብርቱካን ይላጡልኝ» አለኝ።

በማግስቱ ሥራ ገባሁና በርጩማዬ ላይ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ነስሩ ምን ሆነው ነው አለ። አራት ነገር ካልተደረገ እጄ ሳፋ አይነካም አልኩት። የወጣው ምርቃት ሁሉ ተሰብስቦ ይመለስ። ከዛሬ ጀምሮ ምርቃት ከአርባው ውስጥ ይሁን፤ እሱም መጀመሪያ ይነከር። ናሙና ከመጨረሻው ይቆረጥ፤ መጨረሻ የወጣችው ካላለፈች ሳጥኑ በሙሉ ይመለስ። ናሙና የሚቆርጠውም የነከረው ሰው አይሁን፤ ደምሴ ይሁን።

«ደምሴ? ተሸካሚው?»

«ከእንግዲህ መሸከም ይችላል?»

«ወላሂ አብደዋል እትዬ! ከአርባ ላይ ከመረቅኩ ምን ልሸጥ ነው?»

«ሠላሳ ስድስት ሸጠህ አራት መርቅ። ስምንት ውሃ ከመመረቅ አራት ፋሻ መመረቅ ይሻላል።»

ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ጮኸብኝ። በሦስተኛው ቀን ራሱ በየክሊኒኩ ዞሮ በክር የታሰሩትን ሰበሰበና በከረጢት ተሸክሞ መጣ፤ ደረጃውን ሲወጣ ፊቱ ላብ በላብ ነበር። ከፊቴ ዘርግፎ «ተነሱ» አለኝ። ተነሳሁ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ነገር የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው እንጂ።

ደምሴ ግን! ያን ሰው ያመጣሁት ዕለት የራሴን መከራ ነው ያመጣሁት። ፋሻዎቹን አንድ ባንድ ይቆጥራል። የመጨረሻዋን ይዞ ጥጓን ይቆርጣል፣ ቀለም ይነክራል፣ ይለቀልቃል፣ ጋሼ ወልዴ ከሰቀላት ቁራጭ አጠገብ ወስዶ በመስኮቱ ብርሃን ያስተያያል። ትንሽ ከፈዘዘች «አያልፍም» ብሎ ያስቀምጣታል። ምክንያት አይሰማም። ውሃ ጠፍቶ ነው፣ መብራት ሄዶ ነው፣ ወገቤ ታሞ ነው ብለው «አያልፍም» ነው። ስንት ጊዜ ተሰዳድበናል! «ስምንት ጣት ቀርቶህ እንዲህ ከሆንክ አስሩ ሙሉ ቢሆኑ ምን ልትሆን ነበር?» እለዋለሁ። «ያኔማ እሸከምልዎት ነበር» ይለኛል። እንዲህ እየተነታረክን ዓመታት ሠራን።

ዘንድሮ ነስሩ ፋሻውን በራሱ የሚነክር ማሽን አስመጣ። ጉልበቴም የጋሼ ወልዴን መንገድ ጀምሯል። በቃኝ አልኩ።

የመጨረሻው ቀን ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ኬክ ተዘጋጀ፣ ወንበር ተደረደረ። እኔ የመጨረሻውን ሳፋ እየነከርኩ ነበር። አርባውን ጨረስኩ። ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ስነክር ለራሴ አንድም ፋሻ ወስጄ አላውቅም። አንዲት ለማስታወሻ ብትኖረኝ ብዬ አርባ አንደኛዋን ነክሬ ከመጨረሻ ሰቀልኳት። ለማን ትጎዳለች?

ከእንግዶቹ ጋር ቁጭ ብዬ እስክትደርቅ ስጠብቅ ደምሴ በክፍሌ ሲቆጥር ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁት። አንዴ ቆጠረ፤ ሲደግም ከወንበሬ ተነስቼ ሄድኩ። የመጨረሻዋን አወረደ፣ ጥጓን ቆረጠ። እኔም ተከተልኩት። መስኮቱ ጋ ብዙ ቆየ።

«እትዬ፣ ፈዛለች።»

«የእኔ ናት። አትሸጥም። እሷን አውጣትና ሌላውን አሳልፍ።»

«መጨረሻ የወጣችው ካላለፈች ሳጥኑ በሙሉ ይመለሳል።»

«አርባኛዋን ቆርጠህ እያት፤ ደህና ናት!»

«ከፈለጉት ላይ ቁረጥ አላሉኝም። ከመጨረሻው ነው ያሉኝ።»

ነስሩ የኬክ ቢላዋ እንደያዘ በበሩ ብቅ አለ። «ደምሴ፣ በአላህ! ዛሬ እንኳን ይለፍላቸው። ሰው ተሰብስቧል።»

ደምሴ የሚያየው እኔን ነው። የቆመው በዚያ ባጠረው እግሩ ላይ ነው።

ሰደብኩት፤ ምን ብዬ እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ የለበስኩትን አዲሱን ነጠላ አውልቄ ለነስሩ አስያዝኩት፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ሳፋውን ደፋሁ። አዲስ ውሃ በጠበጥኩ። አርባውን እንደገና፣ ምርቃቶቹን አስቀድሜ፣ አንጓ እየቆጠርኩ ነከርኩ። አርባ አንደኛዋን አልነከርኳትም። ከወዲያ በኩል የእንግዶቹን ሳቅ፣ ቀጥሎም ወንበር ሲሰበሰብ ሰማሁ።

በስተመጨረሻ ደምሴ አርባኛዋን አወረደ። ቆረጠ፣ ነከረ፣ ለቀለቀ። ቀለሙ ያዘ። አራቱን ምርቃቶች በክር አስሮ ሳጥኑ ላይ አስቀመጣቸው።

«አሁን ይሂዱ» አለኝ።

ኬኩ አልቆ ነበር። ሄድኩ።